ቆጣቢው ጋሼ ይኑሩልን

ጠዋት ጠዋት በሰፈራችን የሚያልፈውን ድምፅ ማጉያ ታውቁታላችሁ። «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ!» አንድ ጠርሙስ ለአራቱም። ሐኪም ቤት ብንሄድ ለጉሮሮ ሌላ፣ ለጨጓራ ሌላ ያዙልናል። የተማረ ሰው ነገር ማወሳሰብ ይወዳል።

የኛ ብሎክ ጋሼ የዚህ ድምፅ ማጉያ የልብ ደንበኛ ናቸው። ባለሙያ አስጠርተው በገንዘባቸው አይጫወቱም። 50 ብር ያወጡና በሃይላንድ የተቀዳ ነገር ይገዛሉ። ስም የለው፣ ቀን የለው፣ አጠቃቀም የለው። ስም ቢኖረውማ ይወደድ ነበር! ክዳኑን በምስማር ሦስት ቦታ ይበሱታል። በቃ፣ መርጫ ሆነ።

«ከስንት ውሃ ጋር ነው የሚበጠበጠው?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

«በዓይን ነው። ሲነጣ ይበቃዋል» አሉኝ።

ከዚያ አፍንጫቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘምታሉ። ከፍራሹ ስፌት ጀምረው እስከ ልጆቹ ትራስ ድረስ አንድ የሚቀራቸው የለም። ሲጨርሱ አንድ ብርጭቆ ወተት ግጥም ያደርጋሉ፤ ወተት መርዝ ይሰብራል ተብሏላ። ትራሱ ላይ ለሚተኙት ልጆች ግን አይደርሳቸውም። ወተት ተወዷል። የተረፈው መርዝም አይደፋም፣ ሀብት ነው። በዚያው ሃይላንድ ውስጥ ሆኖ ከዘይቱ ጎን ይቀመጣል።

ትኋኗስ ብትሉ? ደህና ናት። እሷ ብትሞት እንኳ እንቁላሎቿ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽገው ይተርፋሉ፤ በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። ጋሼም በ15 ቀናቸው ሌላ 50 ብር ይዘው ይወርዳሉ። በወር 100፣ በዓመት 1,200 ብር። እንዲህ ነው መቆጠብ!

መድኃኒቱ አልሠራ ሲላቸው የድሮውን ያነሳሉ። «ወባ ማጥፊያዎች ይዘውት የሚመጡት ዲዲቲ ቀረ እንጂ!» ይላሉ። ሃዋይ ያለ የጦር ሰፈር ውስጥ ትኋን ዲዲቲን ተላምዳ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1947 መሆኑን አልነገርኳቸውም። የሽማግሌ ትዝታ አይነካም።

ደግሞ ለጋስነታቸውስ! በሳቸው ቤት የተረበሸችው ትኋን በሶኬት ቀዳዳ በኩል እኛ ቤት ትገባለች። ኪራይ አትከፍልም፣ ግን ምን ይደረግ፣ ጉርብትና ነው። እኔም አሁን ሌሊቱን ሳክ ጋሼን አስባለሁ።

እትዬ፣ ማለትም ባለቤታቸው፣ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። የአልጋውን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ እናርሰው፣ አንሶላና ብርድ ልብሱን እንቀቅለው፣ የግድግዳውን ስንጥቅ እንድፈነው፣ ጎረቤቱም በአንድ ቀን ይሥራ፣ አሉ። ጋሼ ሳቁባቸው። «በነፃ የሚገኝ ነገር መቼ ይሠራል!»

ዛሬ ጠዋት ድምፅ ማጉያው ሲመጣ ጋሼ ቀድመው በረንዳ ላይ ነበሩ።

«ስማ! ሁለት ብወስድ ስንት ታደርግልኛለህ?»

«ለርስዎ 90፣ ጋሼ።»

10 ብር አተረፉ። በአንድ እጃቸው አንገታቸውን እያከኩ፣ በሌላው ብሩን ሲቆጥሩ አየኋቸው።