ሲፎን ሳጥኑ አይደለም
ስለ ሲፎን ያነበብኩት ጽሑፍ ጥሩ ነው፣ ግን «ሲፎን ማለት ሽንት ቤቱ ላይ ያለው የውሃ ሳጥን ነው» ብሎ መዝጋቱ አልተዋጠልኝም። ቃሉ የግሪክ ነው፣ ትርጉሙም ቱቦ። አለቀ። የጥንቱ መሐንዲስ የእስክንድርያው ሄሮን በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሲፎን ሲጽፍ የሚያወራው ውሃን በጎባጣ ቱቦ ወደ ላይ አሻግሮ ዝቅ ወዳለ ቦታ ስለማውረድ ነው፣ ያኔ ሳጥኑ የት አለና! እርግጥ አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ውሃውን ስቦ የሚለቅ እንዲህ ያለ ጎባጣ ቱቦ አለ። ስሙ የሚገባው ለእሱ ነው።

ጣሊያኖች ደግሞ ሲፎኔ የሚሉት ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለውን ጥምዝ ቱቦ ነው። እሱ እንኳ ውሃ አይስብም፤ ጥምዙ ውስጥ ሁሌ ትንሽ ውሃ ይቀራል፣ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚያግደውም ያ የቀረው ውሃ ነው። ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ በ1775 እ.ኤ.አ. ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያወጣበት ሽንት ቤትም ይኸው ጥምዝ ነበረው። እና ብዙ ጊዜ ያልተነካ መታጠቢያ ከሸተተ፣ ፕላምበር ከመጥራታችሁ በፊት ትንሽ ውሃ አፍስሱበት፣ ጥምዙ ውስጥ የነበረው ውሃ ደርቆ ሊሆን ይችላል።