ከመግዛት መጫወት ይቅደም

እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ አንድ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። አራት ነን። ይኸው ጓደኛችን ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነው። አንዷ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናት። አንዱ ጎብኚ ወደ ዘጌ በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ይሠራል። አራተኛው እኔ ነኝ። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፣ ጠረጴዛው ላይ የባቡር ኩባንያ ጨዋታችን የአገር ካርታ ይዘረጋል። ከዚያ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ፣ ሐዲድ መዘርጋት፣ ባቡር መግዛት ነው። መብራት ከጠፋ ሻማ እናበራለን። አንዳንድ ቀን ማታ 1 ሰዓት ሆኖም አናበቃም።

የጓደኛችን እናት መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ አላማራቸውም። የወረቀቱን ገንዘብ ሲያዩ ፊታቸው ተቀየረ። «እናንተ ልጆች፣ ቤቴን ቁማር ቤት ልታደርጉት ነው?» አሉን። ሌላ ቀን ደግሞ ልጃቸው «ባቡር ገዛሁ!» ብሎ ሲጮህ ሰምተው ከጓዳ ወጡ። ያደጉት ከጣና ማዶ፣ ደንቢያ ገጠር ነው። እዚያ ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። «የት ልትተክሉት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ከእኛም ከአራታችን ያየው አንዱ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ባቡር ደርሶባት አያውቅም።

ስለ ቁማር ያሉትን ግን ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከራሴ ወንድም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ጨዋታው ቁማር አይደለም። እንዲያውም አገሩ ሁሉ አክሲዮን፣ አክሲዮን በሚልበት በዚህ ጊዜ ሰው ኪሱን ከመክፈቱ በፊት አንዴ ቢጫወተው እመኛለሁ።

ጨዋታው «1830» ይባላል። የሠራው ፍራንሲስ ትሬሻም የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 «1829» የሚል ጨዋታ አውጥቶ ነበር። «1830» ደግሞ በ1986 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ከዚያ ወዲህ በዚሁ መንገድ የተሠሩ ጨዋታዎች በዝተዋል፤ የአብዛኞቹ ስም በ18 ይጀምራል። የእኛን የባንክ ሠራተኛው ወንድም ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከቶ አመጣልን። ከጣቢያ ምልክቶቹ ጥቂቶቹ ጠፍተውብናል። በለስላሳ ቆርኪ ተክተናቸዋል።

ለአራት ተጫዋች ሲሆን ለእያንዳንዱ 600 ዶላር ይደርሰዋል፤ የወረቀት ዶላር ማለቴ ነው። የሚወረወር ዳይስ የለም። ተበውዞ የሚታደል ካርታም የለም። ማን ይጀምር ከሚለው በቀር ዕድል የሚባል ነገር አይገባበትም። የእያንዳንዱ ሰው ገንዘብ፣ የእያንዳንዱ ኩባንያ ካዝና፣ የአክሲዮኑ ዋጋ፣ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ይታያል። ቁማርተኛ የማያየውን ነገር ይጠብቃል። እዚህ የምትሸነፈው እያየህ ነው።

የአንድ ኩባንያ ድርሻ በአሥር እጅ ይከፈላል። ስድስቱ ሲሸጥ ኩባንያው ሥራ ይጀምራል። ብዙ የያዘው ሰው ይመራዋል። መመሪያው ፕሬዚዳንት ይለዋል፣ እኛ ሹም እንለዋለን። ሐዲዱ በየት እንደሚያልፍ፣ የትኛው ባቡር እንደሚገዛ፣ ትርፉ ለባለአክሲዮን ይከፈል ወይስ ካዝና ይግባ፣ ሹሙ ብቻውን ይወስናል። ትርፍ ከተከፈለ የአክሲዮኑ ዋጋ አንድ እርምጃ ከፍ ይላል። ካዝና ከገባ ዝቅ ይላል። አክሲዮን በተሸጠ ቁጥርም ይወርዳል።

የኩባንያው ካዝና ሌላ፣ የሹሙ ኪስ ሌላ ነው። ይህን በቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። በእጅ ሲነካ ግን ሌላ ነው። ጨዋታውን የሚያሸንፈው ትልቁን ኩባንያ የመራው ሰው አይደለም። በመጨረሻ በግሉ ብዙ ሀብት ያለው ነው። ስለዚህ ሹሙ ኩባንያውን አስርቦ ራሱን ሊያጠግብ ይችላል። የሚከለክለው የለም።

በዚያ ላይ ባቡሮቹ ያረጃሉ። መጀመሪያ የሚሸጡት ባለ 2 ባቡሮች፣ ማለትም ሁለት ጣቢያ ብቻ የሚነኩት፣ 80፣ 80 ዶላር ናቸው። 300 ዶላር የሚያወጣው የመጀመሪያው ባለ 4 ባቡር በተገዛ ቅጽበት ባለ 2ዎቹ በሙሉ ከጨዋታ ይወጣሉ። እኛ «ዛጉ» እንላለን። የሚሄድበት ሐዲድ እያለው ባቡር የሌለው ኩባንያ ግድ መግዛት አለበት። ካዝናው ካልበቃ ሹሙ ከራሱ ኪስ ይሞላል። ኪሱም ከጎደለ የራሱን አክሲዮን ይሸጣል። ያም ካልበቃ ከሰረ ማለት ነው፤ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። መምህርቷ ሁለት ኩባንያ ትመራ ነበር፣ አንዱ ደህና፣ አንዱ ደካማ። ከደካማው ሁለት እጅ አክሲዮን ነበረኝ። ርካሽ ነበር። እሷ ደግሞ ጎበዝ ናት፤ በእሷ ጉብዝና አተርፋለሁ ብዬ ነው የገዛሁት። ደካማው ኩባንያ ተራው ሲደርስ ከደህናው ኩባንያ አንድ አሮጌ ባለ 2 ባቡር ገዛ። በ290 ዶላር! አዲስ ሳለ በ80 ዶላር የተገዛ ባቡር ነው። ካዝናው ውስጥ 11 ዶላር ቀረ። መመሪያው ይፈቅዳል። ኩባንያዎች በተስማሙበት ዋጋ ባቡር መሻሻጥ ይችላሉ። የተስማሙት ደግሞ እሷና እሷ ናቸው። እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ አየኋት። ምን እያደረገች እንደሆነ አልገባኝም።

ቀጥሎ በመጣው የአክሲዮን ዙር ከደካማው ኩባንያ ከነበራት አራት እጅ ሦስቱን ሸጠች። ትልቁ ባለድርሻ እኔ ሆንኩ። የሹሙን ካርድ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። ጣቷን ካርዱ ላይ ትንሽ አቆየችው። «እንኳን ደስ አለህ» አለችኝ። ከዚያ ደህናው ኩባንያዋ በዚያው 290 ዶላር ላይ ትንሽ ጨምሮ የመጀመሪያውን ባለ 4 ባቡር ገዛ። ባለ 2ዎቹ ዛጉ። እኔ እጅ ላይ የቀረው 11 ዶላርና ባቡር የማይሄድበት ሐዲድ ነው። ባለ 4 ባቡር ለመግዛት 289 ዶላር ከኪሴ ማውጣት ነበረብኝ። ኪሴ ውስጥ 70 ዶላር ብቻ ነበር። ከምመካበት ሌላ ኩባንያ ሦስት አክሲዮን እያንዳንዱን በ76 ዶላር ሸጥኩ። የዚያም ዋጋ ሦስት እርምጃ ወረደ።

በጣም ተናድጄ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆሜ ዓባይን እያየሁ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው አሰብኩት። ማንም አልሰረቀኝም። ሁሉም የሆነው ዓይኔ ሥር ነው። ካዝናው ሲራቆት እያየሁ የእኔም ገንዘብ እንዳለበት አልመጣልኝም። በዚያ የአክሲዮን ዙር ተራዬ ከእሷ በፊት ነበር። አንዷን አክሲዮን ብሸጥ ኖሮ ሹመቱን ልትጥልብኝ አትችልም ነበር። አንድ አክሲዮን! ከመምህርቷ ጋር አልተጣላንም። ሰኞ ጠዋት ደውላ እንዴት እንዳሰበችው ደረጃ በደረጃ አስረዳችኝ።

እንዲህ ያለው ነገር በጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም። «ኤሪ» የሚባል ኩባንያ ካርታችን ላይ አለ። አሜሪካ ውስጥ እውነተኛ የባቡር ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 አሜሪካዊው ባለሀብት ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት ኤሪን ለመጠቅለል አክሲዮኑን ይሸምት ጀመር። ኩባንያውን የያዙት ዳንኤል ድሩ፣ ጄይ ጉልድና ጂም ፊስክ አዲስ አክሲዮን እያሳተሙ ገበያው ላይ አፈሰሱት። ቫንደርቢልት በገዛ ቁጥር ድርሻው ይቀጥን ነበር።

የእኛም ባቡር የተጀመረው በአክሲዮን ኩባንያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። በ1897 ከጅቡቲ በኩል ሥራው ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ወጪው ከባድ ስለሆነ ሐረር ተዘለለች፤ ድሬዳዋም በዚያ ምክንያት ከተማ ሆነች። እዚያ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀ። በ1907 ኩባንያው ከሰረ። በዓመቱ ሌላ ኩባንያ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን ከባዶ ካዝና ጋር ሐዲድ መሐል ላይ ቆሜ ካየሁ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ የአክሲዮን ገበያው ራሱ መጥቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ያለው ሰው ስልኩን ይዞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ባለአክሲዮን መሆን ቻለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ዙሪያዬ የምሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ስንት ያስገኛል?» ማን ይመራዋል፣ ካዝናውን ማን ይቆጣጠራል፣ ትርፉን የሚወስነው ማን ነው የሚል አልሰማሁም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ።

የለመድነው እቁብ ነው። እቁብ ተራ አለው። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ። ከፍሎ የጠበቀ ሰው ይደርሰዋል። አክሲዮን ግን ተራ የለውም። ብዙ ሰው አክሲዮንን እንደ እቁብ ነው የሚገዛው። ይከፍላል፣ ከዚያ ይጠብቃል።

አክስቴ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከዓመታት በፊት የደረሳትን እቁብ እንዳለ ሰጥታ በምሥረታ ላይ ነው ከተባለ ኩባንያ አክሲዮን ገዛች። ስሙን አልጠራም። ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከነጠላዋ ሥር አስቀመጠችው። ለጉባኤ ተጠርታ አታውቅም። ትርፍ አይታ አታውቅም። ስንጠይቃት «ገና ነው፣ ይመጣል» ትለናለች።

ጨዋታው ተንኮል ያስተምራል የሚሉም አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ካዝና እንዴት እንደሚራቆት አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው ሁለተኛ አይታለልም ባይ ነኝ። ደግሞ ከጓደኛህ ጋር ስትጫወት የምታጣው የወረቀት ዶላርና አንድ ከሰዓት ነው። አክስቴ ያጣችው ግን የእውነት ብር ነው።

ሰሞኑን የራሳችንን ካርታ እየሠራን ነው። የካርቶን ጀርባ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቤቶች አሰመርን። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር፣ ወልድያ፣ ደሴ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ። በ«1830» ላይ ወንዝ መሻገር 80 ዶላር፣ ተራራ መውጣት 120 ዶላር ነው። የዓባይ በረሃ ስንት ይሁን? ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ወንዝም ነው፣ ተራራም ነው። ሁለቱን ደምረን 200 አልን። መምህርቷ 240 ካልሆነ ማንም ሳያስብ ያልፈዋል አለች። ገና አልተስማማንም። ጣናስ? ሐዲድ ሐይቅ ላይ አይዘረጋም። የጀልባው ሰው ግን አልተቀበለም። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ጀልባ ያገናኝ፣ ሐይቁን ዞሮ ሐዲድ የዘረጋ ኩባንያ ከጀልባው ጋር ይወዳደር አለ። ትክክል ነው። እስክሪብቶ ተቀብሎ ውኃው ላይ የደንገል ታንኳ ሣለበት። የሚያምር ታንኳ ነው፣ ቀዛፊው ሳይቀር ይታያል።

ባለፈው እሑድ አክስቴን ይዣት ሄድኩ። ከጓደኛችን እናት ጋር ቡና እየጠጣች ታየን ነበር። መምህርቷ ዛሬም ካዝና ልታራቁት ስትጀምር አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «ይቺ ልጅ ገንዘቡን ስታወጣ ሌሎቻችሁ ባለአክሲዮኖች አይደላችሁም እንዴ? ለምን ዝም ትላላችሁ?» አለች። የባንክ ሠራተኛው በዚህ ጨዋታ ጉባኤ እንደሌለ ነገራት። በእውነተኛው ግን አለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ባለአክሲዮን ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ድምፅ እንዲሰጥ መብት ይሰጠዋል። «አንድ እጅ ላላት ሴትም?» አለች። «አንድ እጅ ላላትም» አላት። ከዚያ በኋላ እስክንጨርስ ብዙም አልተናገረችም።

ሰኞ ጠዋት ገና ከመኝታዬ ሳልነሳ ደወለች። ፌስታሉን ከነጠላዋ ሥር አውጥታዋለች። «ናና አንብብልኝ፣ ስንት እጅ እንዳለኝ ልወቅ» አለችኝ።