መኪናው የሰው፣ ቅጣቱ የእኔ

በገቢ መኪና የምትሠሩ፣ ማለትም የሰው መኪና ይዛችሁ ለባለቤቱ ገቢ የምታስገቡ፣ ቀን አንዱ ሌሊት ሌላው እየተቀባበለ በሚነዳው መኪና እንጀራ የምትበሉ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ከርሜ ከርሜ ዛሬ ልናገረው ነው።

ትራፊክ ሲያስቆመን የሚጠየቀው ይታወቃል። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ (የመኪናው ባለቤትነት ደብተር)፣ ቦሎ (መስታወት ላይ የሚለጠፈው የዓመት ምርመራ ማረጋገጫ)፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ። ከነዚህ ውስጥ የእኔ የሆነው መንጃ ፈቃዱ ብቻ ነው። ሊብሬው በባለቤቱ ስም ነው። መኪናውን ወስዶ ቦሎ የሚያወጣው ባለቤቱ ነው፣ ኢንሹራንሱንም የሚገዛው እሱ ነው። አስፋልት ዳር ቆሞ ስለ ሁሉም መልስ የሚሰጠው ግን ሹፌሩ ነው። አንዱ ወረቀት ሲጎድል የሚያዘውም የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ነው፤ እሱ ከሌለ ደግሞ ነገ ሥራ የለም።

ሕጉ ለምን ወጣ አልልም። የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ አይውጣ የሚለው አዋጅ ቁጥር 799/2005 የተገጨ ሰው ሜዳ ላይ እንዳይቀር የወጣ ነው። የዓመት ምርመራውም ፍሬን የማይዝ መኪና ሰው እንዳይጨርስ ነው። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ከሲኖትራክ ጎን ለጎን የሚነዳ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ወረቀቱን ማሟላት የማን ሥራ ነው? ሳይሟላ ሲቀርስ የሚከፍለው ማን ነው?

በቅርቡ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አንዲት እናት ጭኛለሁ፤ ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ አላቸው። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ሳንደርስ ትራፊክ አስቆመኝ። ፍሬቻ አሳይቼ ቀኝ ዳር ያዝኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ መስኮት አወረድኩ፣ መንጃ ፈቃዴን ሰጠሁ። ሰውየው አልሰደበኝም፣ አላመናጨቀኝም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። የፊት መስታወቱን አየና «ቦሎው አልፏል» አለኝ። ሊብሬ ጠየቀ፤ ኮፒ ሰጠሁት። «ዋናው የታል?» ባለቤቱ ቤት ነው። «መኪናው የማን ነው?» በገቢ የያዝኩት ነው አለቃ። «ውክልና አለህ?» የለኝም፣ ኪራይ ነው። «ውሉስ?» ውሉም ባለቤቱ ጋ ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ነው የፈረምነው፣ እሱንም ባለቤቱ «እኔ ጋ ይቅር» ብሎ ወስዶታል።

እዚህ ላይ ራሳችሁን በትራፊኩ ቦታ አስቀምጡት። መኪና የሚሰረቅበት አገር ነው። አንድ ሰው በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ መኪና ይዞ፣ ዋና ሊብሬ ሳይኖረው፣ ውል ሳይኖረው፣ የባለቤቱን ስልክ ብቻ ይዞ ቆሟል። ቢጠረጥር ይፈረድበታል? እኔ አልፈርድበትም። የምፈርደው እዚያ ሁኔታ ውስጥ በከተተኝ ሰው ላይ ነው።

ደወልኩለት። አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ አነሳና ነገሩን ሰምቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፦ «በቃ ተነጋገርና ጨርስ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሱ ላላሳደሰው ቦሎ እኔ ከኪሴ አውጥቼ፣ ያውም በወንጀል፣ ሰው እጅ ላይ ገንዘብ እንዳስቀምጥ ነው የነገረኝ። ቦሎው ሊያልፍ ነው ብዬ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ የላክሁለት የድምፅ መልእክት ዛሬም ቴሌግራም ላይ አለ፣ እንደሰማውም ያሳያል። ያንን ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ነው ዛሬ ጉቦ ስጥ የሚለኝ። አልሰጠሁም። «ጻፍልኝ አለቃ» አልኩት። መንጃዬን ይዞ ጻፈልኝ።

እኒያ እናት ይህን ሁሉ ከኋላ ወንበር ይሰማሉ። «ልጄ፣ ሂሳብህን ልስጥህና በሚኒባስ ልሂድ፤ ቀጠሮዬ እንዳያልፍ» አሉኝ። የታመሙ ሰው ናቸው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወርደው በእግራቸው ወደ ታክሲ ተራው ሄዱ። ገንዘባቸውን አልተቀበልኩም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን የገንዘቡ ነገር ሳይሆን እሳቸው በዚያ ፀሐይ መሄዳቸው ነው።

ዳር ዳሩን ለምንሠራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን፣ ለገጣፎ አንድ አስተዳደር ሆነዋል፤ እኛ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ ሸገር፣ ከሸገር ወደ አዲስ አበባ ስንመላለስ ነው የምንውለው። ደንበኛው በሚጠራን የታክሲ አፕ ላይ መድረሻውን ሲያስገባ ወሰን አያይም፤ ቤቱን ነው የሚያየው። ቅጣት ሲጻፍ ግን የየትኛው ወገን ትራፊክ እንደጻፈው ለውጥ ያመጣል። እኔ በስልኬ ከፍዬ ልገላገል ስል እዚያው ቢሮ ድረስ ሄደህ ነው የምትከፍለው፣ መንጃህንም እዚያው ነው የምትወስደው ተባልኩ። ሄድኩ። ሰልፍ ነው። የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱ ተመለስኩ። በነዚያ ቀናት የመኪናው ገቢ ቀረልኝ? አልቀረም። ባለቤቱ ማታ ማታ «ገቢስ?» ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። መኪናው ላይ ጂፒኤስ አስገጥሟል። ገቢ ሲዘገይ ስልኩን ነካ አድርጎ ሞተሩን ያስጠፋብኛል፤ አንድ ጊዜ ሰው ጭኜ ሃያት አካባቢ እንዲህ አድርጎኛል። የት እንዳለሁ በየደቂቃው ያውቃል። በስንት ፍጥነት እንደነዳሁ ያውቃል። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችል ሰው አንድ የኪራይ ውል ኮፒ አድርጎ ዳሽቦርዱ ውስጥ ማስቀመጥ አይችልም? ቦሎ የሚያልፍበትን ቀን ስልኩ ላይ መመዝገብ አይችልም? ይችላል። ቅጣቱ እሱ ላይ ስለማይወድቅ ብቻ ነው የማያደርገው።

ሌሊት የሚነዳው ልጅ ነገርም አለ። ጥሩ ልጅ ነው፣ አልከሰውም። ግን መኪና ቆሞ ሹፌር በሌለበት የሚጻፍ ቅጣት በታርጋ ነው የሚመዘገበው። ወረቀቱ መጥረጊያው ሥር ይሰካል፣ ንፋስ ይወስደዋል፣ ወይ የመኪና አጣቢ ልጅ ይጥለዋል። ከወራት በኋላ ባለቤቱ «ያልተከፈለ ቅጣት አለ፣ ጭማሪም ተጨምሮበታል» ብሎ ይመጣል። ማን ነበር የነዳው? አይጠይቅም። ካስያዝኩት መያዣ ላይ ይቆርጠዋል፣ ምክንያቱም ገንዘብ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። መቼ ማን አፑን ከፍቶ ይሠራ እንደነበር እኮ በሰዓት ተመዝግቧል! አንዴ ማየት ነው። ሊያየው አይፈልግም።

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2003ቱ ደንብ ቁጥር 208 ጀምሮ የአሽከርካሪ ጥፋት በእርከን ተከፍሎ በነጥብ እንዲመዘገብ ተደርጓል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ እስከማገድ ይደርሳል። ስለዚህ የማን ጥፋት በማን ስም ተጻፈ የሚለው ነገር የልጆቼ እንጀራ ነው። ፍጥነት ካለፍኩ ጻፉብኝ፤ የእኔ ነው። ቀይ ከጣስኩ ጻፉብኝ። የባለቤቱን ቸልተኝነት ግን በእኔ ስም አትመዝግቡት።

እስኪስተካከል ድረስ እኔ የጀመርኩትን ልንገራችሁ፣ ለአንዱ ከጠቀመ። መኪናውን ከሌሊት ሹፌሩ ስረከብ የፊት መስታወቱን ከነቦሎውና ከነኢንሹራንሱ፣ ከዚያ የኪሎሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶው ሰዓት አለው፤ ከዚያ ሰዓት በፊት የሆነው የእኔ አይደለም። ትራፊክ ሲያስቆመኝ ደንበኛዬን በትህትና ይቅርታ ጠይቄ፣ ለትራፊኩ መኪናው የኪራይ እንደሆነ እሱ ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ፤ ኋላ ሲያውቅ ከሚጠረጥረኝ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። ጥፋቴ ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። የተጻፈልኝን ወረቀት ሳላነብ አልቀበልም፦ ታርጋው፣ ሰዓቱ፣ የጥፋቱ ዓይነት። በተለይ የታርጋውን ኮድ እዩ፤ ኮድ 3ን ኮድ 2 ብሎ የተጻፈ ወረቀት ይዞ የተንከራተተ ጓደኛ አለኝ። የትራፊኩን ፊት አትቅረጹ፣ ጠብ ታመጣላችሁ፤ ወረቀቱን ግን ወዲያው ፎቶ አንሱና ለባለቤቱ ላኩለት።

አሁን ውሉን እንደ አዲስ ልንጽፍ ነው፤ ካልሆነ መኪናውን አስረክባለሁ ብዬዋለሁ። የወረቀትና የቴክኒክ ጉድለት ቅጣት በባለቤቱ፣ የአነዳድ ጥፋት በዚያ ሰዓት መሪ በያዘው፣ መንጃ ፈቃድ በባለቤቱ ጉድለት ከተያዘ ደግሞ የነዚያ ቀናት ገቢ እንዳይጠየቅ። ሁለት ቅጂ፣ አንዱ መኪናው ውስጥ። የመጨረሻዋን፣ የገቢዋን ነገር፣ አልዋጥ ብሎታል። በዚህ ዓይነት ያስፈረማችሁ ሹፌሮች ካላችሁ ቃሉን እንዴት አድርጋችሁ እንዳስቀመጣችሁት ጻፉልኝ፤ ሰኞ ጠዋት ነው የምንገናኘው።