ወርቅ አይወድቅም ለምትሉኝ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ወርቅ ወጣ በተባለ ቁጥር እርሻውን ጥሎ፣ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ወደ ጉድጓድ የሚሮጠውን ሁሉ። የቤት ኪራይ በአንድ ሌሊት የሚሰቅለውንም አልረሳሁም።

ቦሊቪያ ውስጥ ያያጓ የምትባል ከተማ አለች። እንጀራዋ ቆርቆሮ ነበር። ጣሪያችሁን እንዳታስቡ፣ እሱ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። እኔ የምለው የምግብ ጣሳ የሚለበጥበትን ማዕድን ነው። በ1900 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሲሞን ፓቲኞ የሚባል ሰው እዚያ ተራራ ላይ ቆርቆሮ የበዛበት ድንጋይ አገኘ። ከዓለም ቱጃሮች አንዱ ሆነ። ኑሮውን ግን ፓሪስ አደረገ። ማዕድኑም የሚቀልጠው እንግሊዝ ነበር። ለቆፋሪው የቀረለት አቧራና የሳንባ በሽታ ነው። በ1942 እዚያው አጠገብ ባለችው የማዕድን መንደር ካታቪ ላይ ደመወዝ ይጨመርልን ብሎ የወጣውን ሠራተኛ ወታደር በጥይት ቆላው።

በ1952 መንግሥት ማዕድኑን ወረሰ። ሰዉ የራሳችን ሆነ ብሎ ጨፈረ፤ አይፈረድበትም። ከተማዋ ግን ያው በአንድ እግሯ እንደቆመች ቀረች። በ1985 ለንደን ላይ የቆርቆሮን ዋጋ ደግፎ የያዘው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት ገንዘብ አለቀበት። ዋጋው በግማሽ ያህል ወረደ። ያያጓን ማንም አላማከራትም። በአገሪቱ ከ20,000 በላይ የመንግሥት ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አጡ። በ1986 አቤት ለማለት በእግራቸው መንግሥት ወደሚቀመጥባት ላፓዝ ቢነሱ ጦሩ መንገድ ላይ አስቆማቸው። ገሚሱ ከላፓዝ አጠገብ ባለችው ኤል አልቶ ከተማ ዳርቻ ሰፈረ፣ ገሚሱ ኮካ (ኮኬይን የሚወጣበት ቅጠል) ወደሚበቅልበት ቆላ ወረደ።

"የእኛ ወርቅ ነው፣ ወርቅ አይወድቅም" ትሉኛላችሁ። የሚያናድደኝም ይኼው ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? ሻኪሶ ነው? አሶሳ ነው? ለስልክና ለኮምፒውተር ዕቃ የሚሆነውን ማዕድን፣ የቀንጢቻን ታንታለምስ ሳናጣራው አይደል ወደ ውጭ ስንልከው የኖርነው? ግራሟ በተሸጠች ማታ ግማሹን ቢራ ቤት የምታስረክበው አንተስ፣ እስኪ አንዲት ጊደር ግዛበት። ለሦስት ተዋጡና ወፍጮ ትከሉ።

ያያጓ ዛሬም ሰው አለባት። በቦሊቪያ ማዕድን ከተሞች ፓሊሪ የሚባሉ ሴቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ባላቸውን ማዕድን የበላባቸው ናቸው። የተጣለውን የድንጋይ ክምር በመዶሻ እየፈለጡ ትራፊ ማዕድን ይለቅማሉ።

የትምህርት ምዝገባ ሲጀመር ልጁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይሆን።