«እነሱ አይለወጡም» የሚባሉት ወላጆች

አንድ የሁለት ዓመት ልጅ የተከለከለውን ነገር ያነሳል። እናቱ «ተው!» ትለዋለች። ይጮኻል። ትቆጣዋለች። መሬት ላይ ይንከባለላል። እሷ ደክሟታል። ሌሊቱን አልተኛችም፣ የቤት ኪራዩም አልተከፈለም። በመጨረሻ «እንካ፣ በቃ!» ብላ ትሰጠዋለች። ቤቱ ጸጥ ይላል።

በዚያች ጸጥታ ሁለቱም ተማሩ። ልጁ መጮኽ እንደሚያዋጣ ገባው። እናትም እሺ ካለች እረፍት እንደምታገኝ ገባት። ነገ እሷ ብትጮኽና እሱ ደንግጦ ዝም ቢል ደግሞ ጩኸት ለእሷም ሠራላት ማለት ነው። ከነገ ወዲያ ሁለቱም ድምፃቸውን ይጨምራሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን ከባልደረቦቹ ጋር ቤተሰቦችን በየቤታቸው ለዓመታት ተከታትሎ ያሳየው ይህንን ዑደት ነው። እናትየዋን ክፉ፣ ልጁን ባለጌ ብሎ ሰይሞ ማለፍ ቀላል ነው። ግን ሁለቱም የያዙት መውጫው የጠፋባቸው መንገድ ነው።

ድህነት፣ ድባቴ ወይም ሱስ ያለበት ቤት ሲሆን ዑደቱ ይበረታል። ያን ጊዜ «እነዚህ ወላጆች ቢመከሩም አይለወጡም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ አባባል በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ስህተት ነው።

በአሜሪካ ፒትስበርግን ጨምሮ በሦስት አካባቢዎች 731 ቤተሰቦች የተሳተፉበት ጥናት አለ። ሁሉም የመንግሥት የምግብ ድጋፍ የሚጠቀሙ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ያላቸውና ችግር የተደራረበባቸው ናቸው። በዕጣ የተመረጡት «ፋሚሊ ቼክ አፕ» የተባለውን ድጋፍ አገኙ። ባለሙያ ቤት ድረስ ትሄዳለች። ወላጅና ልጅ አብረው ሲጫወቱ ትቀርጻለች። ከዚያ ቁጭ ብለው ይወያያሉ፤ ወሬው የሚጀመረውም ወላጅ ጥሩ ከሠራው ነው። እነዚህ ወላጆች ልጃቸውን ይበልጥ ማበረታታት ጀመሩ። የልጆቹም አስቸጋሪ ባህሪ ድጋፉን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር ቀነሰ። ከሁሉም የገረመኝ ግን የእናቶቹ ድባቴ አብሮ መቅለሉ ነው። የልጆቹ መሻሻል አንዱ ምክንያትም ይኸው ሆኖ ተገኘ። እናት ቀና ስትል ልጅም ይረጋጋል።

ለውጡ ተአምር አይደለም፣ መጠኑም መለስተኛ ነው። ለደከማት እናት ግን በቀን ሁለት ጩኸት መቀነሱ ቀላል ነገር አይደለም።

«ኢንክሬዲብል ይርስ» የሚባለውን የወላጆች ሥልጠና የፈተሹ ከ10 በላይ የአውሮፓ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩም ያው ነው። ድሃ ወላጆች ከሌሎቹ ያነሰ አልተጠቀሙም። እናታቸው ድባቴ ያለባት ልጆች እንዲያውም ይበልጥ ተሻሻሉ።

እንግዲህ ችግሩ ያለው ድጋፉ የሚሰጥበት መንገድ ላይ ነው። እናትየዋ በፈረቃ ትሠራለች፣ ትንሹን ልጅ የምትተውለት ሰው የላትም፣ የትራንስፖርት ገንዘብም አጥሯታል። ሥልጠናውን በሥራ ሰዓት አዘጋጅቶ፣ ሕፃን ይዞ መግባትን ከልክሎ፣ ስሟ ፊት «አልመጣችም» ብሎ መጻፍ ይቅር። ቤቷ ይኬድ፤ ልጁ ገና ሁለት ዓመቱ ሳለ።