ቻርጅ የማደርግበትን ሰዓት ማን ይከፍለኛል?

ወገን፣ ዛሬስ ይውጣልኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደ ኡበርና ሊፍት ባለ አፕ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ሰው የምናመላልስ ሐበሾች ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ቡና ላይ እናጉረመርምና እንበተናለን።

ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤስቢ 1014 የሚባል ሕግ አወጣ። በ2021 ዝርዝሩ ጸደቀ። በ2030 በአፕ የሚሠሩ መኪኖች ከሚነዱት ማይል 90 በመቶው በኤሌክትሪክ መሆን አለበት። ዓላማውን አልቃወምም። ኦክላንድ ወደቡ አካባቢ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ጭስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ግን ግዴታው የተጣለው ኩባንያዎቹ ላይ ነው፤ መኪናውን የምንገዛው እኛ። ብድሩ በእኛ ስም ነው። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ቶሎ የሚያልቀው ጎማም ከእኛ ኪስ ነው።

ይሁን፣ ይህንንስ ቻልነው። የሚያንገበግበኝ ቻርጁ ነው። የራሱ ቤት ያለው ሰው ማታ ሰክቶ ይተኛል። እኛ አፓርታማ ተከራዮች የት እንሰካ? ተከራይ በራሱ ወጪ ቻርጀር እንዲያስተክል የሚፈቅድ ሕግ አለ ይሉኛል። አለ። የኪራይ ውሉ ላይ ፓርኪንግ ለሌለው ግን አይሠራም። እኔ የማቆመው መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ሌሊት ወደ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ እንሄዳለን። ካሉት አራት ቻርጀሮች የአንዱ ስክሪን ጠቁሯል። አንዱ ካርድ አይቀበልም። በቀሩት ሁለቱ ሰው አለ፤ ሾፌሮቹ ወንበር ዘርግተው፣ ጃኬት ደርበው ተኝተዋል። ተራህን ትጠብቃለህ። ተራህ ደርሶ ስትሰካ ደግሞ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ መሙላቱ ይንቀራፈፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አፑ ተዘግቷል። በ2020 በሕዝብ ድምፅ ያለፈው ፕሮፖዚሽን 22 የተባለው የአፕ ሾፌሮች ሕግ የሰጠን የገቢ ዋስትና የሚቆጥረው ጉዞ ከተቀበልንበት እስካደረስንበት ያለውን ጊዜ ብቻ ነው። ቻርጅ ላይ የቆምንበት ሰዓት አይቆጠርም። ቤንዚን እኮ ቀድተህ ወዲያው ትወጣ ነበር!

ያን ሰዓት ከየት እናምጣው? ከእንቅልፋችን ነዋ። የሚያናድደኝም እዚህ ላይ ነው። ያው ግዛት ለመንገድ ደኅንነት ብሎ ኤቢ 645 በሚባል ሕግ የፍጥነት ካሜራ ፈቅዷል። ሳን ፍራንሲስኮ ተክላለች፤ ከተፈቀደው በ11 ማይል ካለፍክ 50 ዶላር ነው። ጥሩ፣ ሰው አይሙት። ግን እንቅልፍ እያዳፋው ከኦክላንድ ሳን ፍራንሲስኮ የሚያደርሰውን ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅን፣ የሚሻገረውን ሾፌር የትኛው ካሜራ ነው የሚያየው? ተሳፋሪውም እኮ ከኋላ ተቀምጧል።

በዚህ ላይ ፌደራል መንግሥት ላገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና እስከ 4,000 ዶላር ይሰጥ የነበረው የታክስ ቅናሽ ሴፕቴምበር 30፣ 2025 አበቃ። ብዙ ሰው ለጫነ መኪና የተለየው ካርፑል መስመር ውስጥ ብቻችንን የሚያስገባን ስቲከርም በዚያው ቀን ቀረ። ግዴታው ብቻ እንዳለ ነው።

ኤስቢ 1014 ራሱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ሾፌሮች እንዳይጎዱ ጥንቃቄ ይደረግ ይላል። እንግዲያው ይደረግ! ቻርጅ የምናደርግበት ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠርልን። ቻርጀሩ ተከራይ በሚበዛበት ሰፈር ይተከል። ሲበላሽም የሚጠግን ሰው ይላክ።