ማስተካከያ፦ የካሜራን መዞሪያ ስለመገደብ

ለሐዋሳ ካሜራ ገጣሚዎች ባሰራጨነው ጽሑፍ ሁለት ስህተት ነበር። አንደኛ፣ የካሜራን መዞሪያ መገደብ (የሚዞር የጥበቃ ካሜራ ከተወሰነ ቦታ አልፎ እንዳይዞር ማድረግ) ውጭ አገር የፓተንት፣ ማለትም ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጥ የብቻ መብት፣ ክርክር ስላስነሳ እዚህም ፈቃድ ይጠይቃል ብለናል። ትክክል አይደለም፤ ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት እዚህ የሚያስከለክለው ኢትዮጵያ ውስጥ የተሰጠ ፓተንት ነው፤ ዘመኑም 15 ዓመት ነው፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በአግባቡ ከተሠራበት 5 ዓመት ይጨመርለታል።

ሁለተኛውና የከፋው፣ ምስልን በጥቁር መሸፈንና መዞሪያን መገደብ አንድ ናቸው ማለታችን ነው። ሽፋኑ ምስሉን ይደብቃል እንጂ ሞተሩን አያቆምም። በሚዞሩ ካሜራዎች መመሪያ ላይ እንደሚታየው፣ አንዳንዶቹ ላይ ገደቡ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፦ የእጅ (እናንተ ስታዞሩት የሚሠራ) እና የቅኝት (በራሱ እየዞረ ሲቃኝ የሚሠራ)። የእጁን ብቻ ከሞላችሁ፣ በመቆጣጠሪያው ስታዞሩት የጎረቤት በረንዳ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ሌሊት በራሱ ሲቃኝ ግን አልፎ ሊሄድ ይችላል፣ ጎረቤትም አያውቅም። ስለዚህ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይና ታች ለሁለቱም ለየብቻ ይሞላ። ከዚያ ካሜራውን አጥፍታችሁ አብሩና ቅኝቱን አንድ ሙሉ ዙር ቆማችሁ እዩ። ካሜራው የታሰረበት ማቀፊያ ላልቶ ከዞረም ገደቡ አብሮ ይዞራል፤ እንደገና ሙሉት።

በቀደመው ጽሑፍ መሠረት የገጠማችሁ፣ ተመልሳችሁ የቅኝቱን ገደብ ፈትሹ።